እንግዳ ይዞ አዲስ አበባን በቅምሻ ማስጎብኘት፦ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ «የአገሩን ምግብ አሳዩኝ» ሲል ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ጭፈራ ያለበት የባህል ምግብ ቤት ወስደን ትልቅ ትሪ እናዛለን፤ እንግዳው በአንድ መቀመጫ ይጠግባል። ትሪው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ከተማው ግን አልታየም። አዲስ አበባ ጠዋት የምትበላው ሌላ፣ ረቡዕ የምትበላው ሌላ፣ መርካቶ ውስጥ አፍንጫ የሚመታው ሽታ ሌላ ነው። ይህን ለማሳየት በደንብ የተመረጠ ቀን፣ አምስት ቦታ እና በየቦታው ጥቂት ጥቂት ቅምሻ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ከአራት እስከ ስድስት ለሚሆን ቡድን የታሰበ ነው። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይክፈሉት፤ በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ ስምንት ሰው አንድ ላይ ይዞ መሄድ አይቻልም።

ቀኑን መምረጥ

ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። የከተማዋ ማጀት የሚመራው በጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ ድስቱ ቶሎ ያልቃል፣ አዲስ ይሠራል፣ ዓይነቱም ይበዛል። በሌላው ቀን በያይነቱ ሜኑ ላይ አይጠፋም፤ ነገር ግን ስልጆው፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቀርቶ ሽሮ፣ ጎመንና ድንች ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ክትፎና ቁርጥ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በጾም ቀን ሥጋ ቤቱ ገበያ ስለሌለው ወይ ይዘጋል ወይ ያደረ ይዞ ይውላል።

ሁለት ቀን ካለዎት ረቡዕን ለጾም፣ ሐሙስን ወይም ቅዳሜን ለፍስክ ያድርጉ። አንድ ቀን ብቻ ካለ ረቡዕ ይሻላል። ክትፎ ዋሽንግተንም ይገኛል፤ ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት የጾም ምግብ ትኩስ ትኩሱን አንድ እንጀራ ላይ የሚገኘው ግን እዚህ፣ በጾም ቀን ነው። እሑድን ይተዉት፤ መርካቶ አብዛኛው ዝግ ነው።

ከሳምንቱ ጾም በተጨማሪ ረጃጅሞቹን ያስቡ፦ 55 ቀን የሚሆነው ዐቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ያለው ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና የሚዘልቀው የነቢያት ጾም። በእነዚህ ሁሉ የጾም ምግብ ይበዛል፣ የፍስክ ቤት ይሳሳል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ሥጋ የማይበላ እንግዳ ይዘው በዚያ ወቅት ከወጡ ምሳው ላይ ይቸገራሉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ደውለው ያስዘጋጁ። በረመዳን የሙስሊም ምግብ ቤቶች ቀን ላይ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ የጠዋቱን ፉልና ፈጢራ ወደ ማታ፣ ከአፍጥር በኋላ ያዙሩት፤ ሾርባውና ሳምቡሳውም ይጨመራል።

እንግዳዎ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይነካ ከሆነ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «የጾም» የሚለው አንድ ቃል ሁሉንም ይሸፍናል። ማኪያቶውም ኬኩም ሳይቀር የጾም አለው። ሁለት ነገር ግን አይሸፍንም። አንደኛው ስንዴ ነው፦ እንጀራው ጤፍ ብቻ ላይሆን ይችላልና ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ ሌላ እህል ተቀላቅሎበት እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ መልሱ ካመነታ በእንጀራ አያብሉት። ሁለተኛው ለውዝና ሰሊጥ ነው፤ አለርጂ መኖር አለመኖሩን ከአንድ ቀን በፊት ያጣሩ።

መንገዱን ማውጣት

ከተማዋን ከዳር ዳር ለማዳረስ አይሞክሩ፤ ቀኑ ትራፊክ ላይ ያልቃል። ፒያሳና መርካቶ ተጠጋግተው ስላሉ ለአንድ ቀን በቂ ናቸው። ቦሌ ምቹ ነው፣ ግን እንግዳው ከሆቴሉ መስኮት የሚያየውን ያንኑ ነው የሚያሳየው።

የቆየ የጉዞ መጽሐፍን ወይም የድሮ ትዝታን አምነው አይውጡ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል፣ በሥጋ ቤቶቹ የሚታወቀው ዶሮ ማነቂያ ጭምር ፈርሷል፤ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ተከትሏል። ከፒያሳው የወጣው አትክልት ተራም አሁን ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ቀደም ብለው፣ ሊሄዱ ባሰቡበት በዚያው ሰዓት መንገዱን በእግር ይሂዱበት። ቤቱ ክፍት መሆኑን ብቻ ሳይሆን መጸዳጃ ቤቱንና የእጅ መታጠቢያውን ይዩ። በእጅ የሚበላ እንግዳ ውሃና ሳሙና ካላገኘ የቀሩት ቅምሻዎች ሁሉ ይበላሹበታል።

ሲያዙ የሚደረግ ጥንቃቄ

እንጀራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይነፋል። ሁለተኛው ቦታ ላይ «ገና ነኝ» ያለ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሕጉ አጭር ነው፦ ለአራት ሰው የአንድ ሰው ምግብ፣ ለስድስት ሰው የአንድ ተኩል ያህል። በየቦታው አንድ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ጉርሻ ከወሰደ በልቷል።

ችግሩ ይህን ለአስተናጋጁ መንገር ላይ ነው። አራት ሰው አንድ በያይነቱ ሲያዝ ሰልፍ ባለበት ሰዓት ቤቱን መበደል ነው፣ ቅሬታውም ፊት ላይ ይታያል። ስለዚህ ሰዓቱን ያሽሹ፦ ምሳን ቀን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ቅምሻ ነው፣ ብዙ ቦታ እንሄዳለን፣ አንድ ለአራት» ብለው ይንገሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው መጠጥ ይዘዙ፤ ጉርሻውንም (ለአስተናጋጁ የሚሰጠውን ገንዘብ ማለታችን ነው) ከወትሮው ከፍ ያድርጉት። ተጨማሪ እንጀራ ሳይጠየቅ ሊመጣ ስለሚችል ተጠቅልሎ ከመቀመጡ በፊት «ይበቃናል» ይበሉ። ሂሳቡን ጠዋት ላይ ከሁሉም እኩል ሰብስበው አንድ ሰው ይያዘው፤ በየቤቱ ሂሳብ መካፈል ጊዜ ይበላል።

ጠዋት፦ ፉል፣ ከዚያ መርካቶ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፉልና ፈጢራ ይበሉ። የአንዱን ፈጢራ ሩብ፣ ከፉሉ ጥቂት። ጨጨብሳ ካለ ይቀመስ፣ ግን ቅቤው ከባድ ነውና በማንኪያ ብቻ።

ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መርካቶ፣ ቅመም ያለበት ተራ ይግቡ። ስልክ በፊት ኪስ፣ ቦርሳ በደረት፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ባለሱቁን መጠየቅ ግድ ነው። ቅመሙን በቅደም ተከተል ያሸትቱ፤ ከበርበሬ ከተጀመረ አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ማስነጠሱም አያቆምም። በኮሰረትና በበሶብላ ይጀምሩ፣ ወደ ጦስኝና ነጭ አዝሙድ ይለፉ፣ ከዚያ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ፣ መጨረሻ ላይ በርበሬና ሚጥሚጣ።

ኮረሪማ ሲገዙ ያልተፈለፈለውን ይምረጡ። አንዱን ራስ በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ ጥሩው ውስጡ ገና እርስ በርሱ የተጣበቀ ጠይም ፍሬ አለው፣ አንዷን ፍሬ በጥርስ ሲሰብሯት ሽታው ወዲያው አፍ ይሞላል። ሲሰነጠቅ ፍሬው ደርቆ እየተንኮሻኮሸ የሚወጣ ከሆነ ከርሟል። ቤት ወስደው ለሚያነጥሩት ቅቤ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ከአንድ ሱቅ መግዛት ይቻላል፤ በርበሬን ግን የተፈጨ ከክፍት ጆንያ አይግዙ። ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን መለየት አይቻልም። የሚያውቁት ሰው ያስፈጨው ካለ ከዚያ ይውሰዱ። እንግዳው ወደ አውሮፓ የሚመለስ ከሆነ ቅቤና ቋንጣ እንዳይዝ ይንገሩት፤ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ስለሚከለከል ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በርበሬውን በሁለት ፌስታል አስሮ በክዳን ዕቃ ካላስቀመጠው ልብሱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይላል።

ምሳ፦ በያይነቱ

ሰሃኑ ሲመጣ እንግዳው እንጀራውን መጀመሪያ ብቻውን ይቅመስ። ከዳሩ በቀኝ እጅ ይቁረጥ፣ ዓይኑን ይይ፣ ጀርባው ለስላሳ መሆኑን በጣቱ ይንካ፣ ኮምጣጣነቱን ሳይቀላቀል ይለየው። ሊጡ ለሦስት ቀን ያህል እንደቦካ፣ አብሲት እንደተጨመረበት የሚነገረው እዚህ ላይ ነው፤ አፍ ውስጥ ያለ ነገር ሲብራራ አይረሳም።

ከዚያ ከአልጫው ወደ ቀዩ ይሂዱ። ጎመን፣ አተር ክክ አልጫ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቀጥሎ አዚፋ፣ ከዚያ ሽሮና ቀይ ምስር። ስልጆ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ የባቄላው መፍላትና የሰናፍጩ ኃይል አፍንጫ ድረስ ስለሚወጣ ከእሱ በኋላ ጎመን ምንም አይቀምስም። እንጀራውን እንደ ማንኪያ መዛቅ ሳይሆን ከላይ ሸፍኖ መጠቅለል መሆኑን አንድ ጊዜ ሠርተው ያሳዩ። ጉርሻ ሊያጎርሱት እንደሆነም ቀድመው ይንገሩት፤ ያልጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ትንሽ አድርገው ይጠቅልሉ።

ቡና፣ በሁለት መልኩ

ፒያሳ ካሉ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቶሞካ ቅርብ ነው። ቆሞ መጠጣቱ፣ የማሽኑ ድምፅ፣ ማኪያቶው ጣልያኖች የተዉት ልማድ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ዋናው የጀበናው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንገድ ዳር በርጩማ ላይ የሚጠጣው የጀበና ቡና ጣፋጭ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ተቆልቶና ተወቅጦ ያለቀ ነው፤ እንግዳው ሲቀዳ ብቻ አይቶ ሥርዓቱን ያየ ይመስለዋል። ሙሉውን ለማሳየት ከአንድ ቀን በፊት ለቤቱ ደውለው «ስንደርስ ይቆላ» ይበሉ። ጥሬው ይታጠባል፣ ምጣዱ ላይ እየተማሰለ ይቆላል፣ ጭሱ በየተራ ይዞርልዎታል፤ እንግዳው በእጁ ወደ ፊቱ ይሳበው። ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃልና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይጀምሩ፤ ካለበለዚያ ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው አይተኛም። አቦሉን ያለ ስኳር ይቅመስ፤ ጤና አዳም ካለ በቶናው ላይ።

የቡና ልዩነት ለሚወድ እንግዳ ቤት ውስጥ የሚሠራ ቅምሻ አለ። የታጠበ ይርጋጨፌና ደረቅ የሐረር ቡና፣ ሁለቱም ቀለል ብለው የተቆሉ፣ ይግዙ። በየብርጭቆው 11 ግራም ሻካራ አድርገው ፈጭተው 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍሱበት። የቡና ቀማሾች ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንደፈላ ማፍሰስ ነው፣ መጠበቅ የለም። ከ4 ደቂቃ በኋላ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ጀርባ ሰብረው አፍንጫዎን አስጠግተው ያሽትቱ፤ አረፋውን ገፈው ሲበርድ በማንኪያ ድምፅ እያሰሙ ፉት ይበሉ። ይርጋጨፌው አበባና ሎሚ፣ ሐረሩ የደረቀ ፍሬ የመሰለ ጣዕም የሚያሳየው ለብ ሲል ነው፤ ትኩስ ሳለ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ማታ

በጾም ቀን ተጋቢኖ ሽሮ ከነሸክላው እየተንፈቀፈቀ ይምጣ። በፍስክ ቀን ክትፎ ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። ለብለብ ማለት የሞቀ እንጂ የበሰለ አለመሆኑን ለእንግዳው ግልጽ ያድርጉ፤ ኮሶ የሚያስይዘው ትል በለብታ አይሞትም። ያመነታ ሰው «የበሰለ» ይዘዝ፤ ቅቤውና ሚጥሚጣው ያው ነው።

ጠጅ ከምግብ በኋላ ነው። ሲቀርብ ብርሌውን ወደ ብርሃን ያንሱ፦ የማር ጠጅ ደፍረስ ያለ፣ ቀለሙ ወደ ማሩ ያደላ፣ ከአፍ ሲጠፋ የጌሾው ምሬት የሚቀር ነው። አንጸባራቂ ቢጫ ሆኖ ጥርት ያለ፣ ጣፋጩ ከፊት መጥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ስኳር ይበዛበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ለስላሳውን ይዘዙ፤ ደረቁን ከአንድ ሰው ብርሌ ይቅመስ። ከፍታው ላልለመደ ሰው መጠጥ ቶሎ ይወጣበታልና ለአንድ ሰው አንድ ብርሌ ይበቃል። አልኮል ለማይጠጣ ብርዝ ይጠይቁ። መኪና ይዘው ከመጡ እዚያው ይደር፤ ራይድ ይጥሩ።