የፂም ዘይቱ ለምን አልተሸጠም? ለአነስተኛ የወንዶች መዋቢያ አምራቾች የዋጋና የማሸጊያ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በሐዋሳ ከአቮካዶ፣ ከጉሎና ከጥቁር አዝሙድ ዘይት የፂም ዘይት፣ ከሺያ ቅቤና ከንብ ሰም ደግሞ የፂም ቅባት እያዘጋጀሁ ለወንዶች ፀጉር ቤቶችና ለሆቴል ሱቆች አቀርባለሁ። ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ የገቡ ወጣቶች ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዋጋ ይቀንሱ እንደሆነ ነው። እኔ ግን ዋጋ መነካት ያለበት በመጨረሻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዋጋው ትክክል ሆኖ ማሸጊያው ሳይሸከመው ሊቀር፣ ወይም ማሸጊያው ያማረ ሆኖ ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም “ሥራው አላዋጣም” የሚል አንድ ዓይነት ምሬት ስለሚመስሉ፣ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ ሳይወርዱ መፍትሔ መፈለግ የባሰ ኪሳራ ያመጣል።

ምልክት፦ ደንበኛው ዕቃውን ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ዋጋውን ሰምቶ ይመልሳል

በዚህ ጊዜ ዋጋው ተወደደ ብሎ መደምደም ይቀናል። ሆኖም ደንበኛው ዋጋውን ከመስማቱ በፊት እጁ ላይ ያለውን ነገር በልቡ መድቦታል፤ የሰማው ዋጋ ከመደበው ቦታ ጋር ካልተስማማ ይመልሰዋል። እኔ ሥራውን ስጀምር የፂም ዘይቱን የምሞላው በጣት ሲጫኑት በሚሰረጉድ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ አካባቢ ባለ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ጠርሙሱን አንሥቶ ጫን ጫን አደረገና ፀጉር አስተካካዩን “ወንድሜ፣ ይሄ ሳኒታይዘር ነው?” ብሎ ጠየቀው። የፂም ዘይት መሆኑን ነግሮት ዋጋውን ሲጠራለት ሰውየው ምንም ሳይናገር መለሰው። በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ምንም ዓይነት ዘይት ቢኖር ያን ዋጋ ሊያወጣ እንደማይችል የገባኝ ያን ዕለት ነው።

መፍትሔው ወደ ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ መሸጋገር ነበር። ብርጭቆ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ሲያስቀምጡትም ድምፁ የተለየ ነው፤ ቡናማው ቀለም ደግሞ ዘይትን የሚያበላሸውን የብርሃን ክፍል ስለሚከለክል የዘይቱን መዓዛና ዕድሜ ይጠብቃል። ስለዚህ ለመልክ ብቻ የወጣ ወጪ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ደንበኛው ዕቃው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግለው አለማወቁ ነው። በራስዎ ጠብታ ማንሻ ይለኩት። የእኔው 1 ሚሊ ሊትሩን ወደ 25 ጠብታ ይከፍለዋል፤ 30 ሚሊ ሊትር 750 ጠብታ ይሆናል ማለት ነው። በቀን 6 ጠብታ የሚቀባ ሰው አንድ ጠርሙስ ለ125 ቀን ይበቃዋል። “600 ብር” ሲባል የሚደነግጥ ሰው በቀን 5 ብር እንኳ እንደማይሞላ ሲያነብ ሌላ ስሌት ውስጥ ይገባል። ይህን በጠርሙሱ ጀርባ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ፀጉር አስተካካዩ እንዲናገርልዎ አይጠብቁ።

ሦስተኛውን ምክንያት ያገኘሁት በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ነው። የተመረተበትን ጊዜ “ሐምሌ 2017” ብዬ ብቻ አትሜ ነበር። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያነብ ብዙ ዓመት ያለፈው ዘይት ይመስለዋል፤ ቢጠይቅ ይነገረው ነበር፤ አብዛኛው ግን ሳይጠይቅ ነው የሚያስቀምጠው። ዛሬ የተመረተበትንም የሚያበቃበትንም ጊዜ በዓ.ም. እና በእ.ኤ.አ. ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ የሆቴሉ ሽያጭ የተነቃቃውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሌብል ከማሳተምዎ በፊት መዋቢያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የሚተዳደር መሆኑን አይዘንጉ፤ በሌብሉ ላይ ሊሰፍር የሚገባውን ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠይቀው ይረዱ። በተለይ “ፂም ያበቅላል” የሚል ቃል አይጻፉ። እንዲህ ያለው ቃል መዋቢያውን የመድኃኒት ወግ ያስይዘዋል፣ ያላበቀለለትን ደንበኛም ያስቀይማል።

ምልክት፦ ዕቃው ያልቃል፣ ገንዘቡ ግን የለም

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ሽያጩ ደህና ስለሚመስል ሰው ሳያውቀው ወራት ይከስራል። መንሥኤው ብዙውን ጊዜ በመነሻ ዋጋ ላይ መቶኛ መጨመርንና ከመሸጫ ዋጋ ላይ መቶኛ መቀነስን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው።

በቁጥር ላሳይ። የአንድ ባለ 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወጪ፣ ዘይቱ 95፣ ጠርሙሱ ከነክዳኑ 48፣ ሌብሉ 12፣ ካርቶኑ 30፣ ጉልበት 40፣ ብክነትና ለሙከራ የሚሰጠው 15፣ ማጓጓዣው 10፣ በጠቅላላው 250 ብር ነው እንበል። አምራቹ “ለፀጉር ቤቱ 25 በመቶ፣ ለእኔ 30 በመቶ” ብሎ 55 በመቶ ይጨምርበትና ወደ 390 ብር ያጠጋጋዋል፤ 390 ብሩም ቫትን የሚያካትት የመደርደሪያ ዋጋ ይሆናል። አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። በ390 ብር ውስጥ ያለው 15 በመቶ ቫት 390 ለ1.15 ተካፍሎ ውጤቱ ከ390 ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት ስለሆነ 50 ብር ከ87 ሳንቲም ነው። ፀጉር ቤቱ 25 በመቶውን የሚያሰላው በእርስዎ ወጪ ላይ ሳይሆን በተሸጠበት ዋጋ ላይ ነው፤ ይህም 97 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የሚቀረው 241 ብር ከ63 ሳንቲም ነው። ወጪው 250 ስለነበር አምራቹ በሸጠው ጠርሙስ ሁሉ ከ8 ብር በላይ ከኪሱ ይከፍላል፤ ብዙ በሸጠ ቁጥርም ጉድለቱ ይሰፋል።

ትክክለኛው መንገድ ከመደርደሪያው ዋጋ ተነሥቶ ወደ ወጪው መውረድ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ 13 ብር ገደማ ቫት፣ 25 ብር የፀጉር ቤቱ ነው፤ ለራስዎ 20 ብር ማስቀረት ከፈለጉ ለወጪ የሚተርፈው 42 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ 250ን ለ0.42 ሲያካፍሉ ዋጋው 600 ብር አካባቢ ይመጣል። በግዢ ላይ የከፈሉትን ቫት በደረሰኝ የሚያካክሱ ከሆነ ወጪውን ያለ ቫት ያስሉ፤ ደረሰኝ የሌለው ግዢ ግን ሙሉውን ወጪ ነው። የራስን ጉልበት አለማስላትም እንዲሁ ያታልላል። “እኔው ነኝ የምሞላው” የሚል ሰው ሥራው አድጎ የመጀመሪያውን ሠራተኛ ሲቀጥር ትርፉ የሠራተኛው ደመወዝ ሆኖ ያገኘዋል።

ስሌቱ ትክክል ሆኖም ለቀጣዩ ዙር ገንዘብ ካጠረ፣ ምክንያቱ ወጪውን ቀድሞ በተገዛበት ዋጋ መያዝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መጋዘናቸው ውስጥ በቀድሞው ዋጋ የገቡ ጠርሙሶች የነበሯቸው አምራቾች በቀድሞው ዋጋ ሸጠው ሲጨርሱ፣ የሰበሰቡት ብር የሸጡትን ያህል ጠርሙስ መልሶ የሚገዛ አልነበረም። ከውጭ የሚገቡትን፣ ማለትም ጠርሙስን፣ ጠብታ ማንሻንና ሽቶን፣ ዛሬ ቢገዙ በሚያወጡት ዋጋ ያስሉ። አቮካዶውና የንብ ሰሙ የአገር ውስጥ ቢሆኑም ዋጋቸው ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ በየዙሩ እንደገና ይጠይቁ።

ምልክት፦ አዲስ አበባ የደረሰው ዕቃ ካርቶኑ ዘይት ጠጥቶ ይገኛል

ከሐዋሳ በአውቶቡስ የላክኋቸው ጠርሙሶች ክዳናቸው ጠብቆ እያለ ሲያፈሱ ክዳኑን እንዲያጠብቅ ለሠራተኛዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጠርሙሱ ውስጥ የታመቀው አየር ይለጠጣል፣ ዘይቱንም በጠብታ ማንሻው ቱቦ ሽቅብ ይገፋዋል። ጠርሙሱ በጎኑ ከተኛ ደግሞ ይብሳል፤ የጠብታ ማንሻው ጎማም በዘይት ሲቆይ ያብጣል። መፍትሔው ጠርሙሱን ጠባብ ቀዳዳ ባለው ውስጣዊ ውታፍና በተራ ጠምዛዛ ክዳን ዘግቶ መላክ፣ ጠብታ ማንሻውን ለብቻው በካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥና ጠርሙሶቹን አቁሞ ማሸግ ነው። ሌብሉም በፕላስቲክ የተለበጠ ይሁን፤ ከመለጠፉ በፊት ጠርሙሱ በአልኮል ይወልወል፤ የዘይት አሻራ ያለበት ብርጭቆ ሙጫ አይዝም።

የፂም ቅባቱ ቆርቆሮ ሲከፈት አሸዋ የመሰለ ከሆነ የተበላሸ እንዳይመስልዎ። ሺያ ቅቤ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል፤ በበጋ ተሽከርካሪ ውስጥ ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲበርድ ስቡ ይቋጠራል። ሲያመርቱ ሙሉ በሙሉ አቅልጠው ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ያብርዱት፤ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ መጠኑን ጥቂት ከፍ ማድረግም ቅባቱን ያጸናዋል። ደንበኛው ግን ይህን ስለማያውቅ ገንዘቡን ይመልሱለት።

ምልክት፦ ፀጉር ቤቱ ዕቃውን ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ይረሳዋል

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው ፊት የሚያፍርበትን ነገር አይሸጥም። እርስዎ በቴሌግራም በ500 ብር እያቀረቡ እሱ በ600 ብር ከሸጠ፣ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አውጥቶ ያሳየዋል። በሁሉም ቦታ ዋጋው አንድ ይሁን፤ በቀጥታ ሲሸጡ የሚተርፍዎት ኮሚሽን ለማድረሻና ለማስታወቂያ ይዋል እንጂ ለቅናሽ አይዋል። ከዚያ በተጨማሪ ለአስተካካዩ አንድ የሙከራ ጠርሙስ በነፃ ይስጡት፤ ጋሼ ብሎ የሚጠራውን ደንበኛውን ፂም በእጁ ቀብቶ ካስሸተተው ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም።

ምልክት፦ “ትንሽ የለም ወይ?” የሚል ጠያቂ ይበዛል

ባለ 10 ሚሊ ሊትር ማዘጋጀት ጥሩ ነው፤ ስሕተቱ ዋጋውን የ600 ሲሶ አድርጎ 200 ብር ማለት ነው። ዘይቱ ወደ ሲሶ ቢወርድም ጠርሙሱ፣ ሌብሉና ጉልበቱ ወደ ሲሶ አይወርዱም። ካርቶኑን ትተን እንኳ ዘይት 32፣ ጠርሙስ 40፣ ሌብል 10፣ ጉልበት 35፣ ብክነት 10፣ ማጓጓዣ 5፣ በድምሩ 132 ብር ይወጣበታል፤ ከ200 ብሩ ቫትና ኮሚሽን ሲቀነስ ግን 124 ብር እንኳ አይሞላም። በዚያው የ0.42 ስሌት ዋጋው ወደ 320 ብር ይመጣል። 320 እና 600 ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ለመሞከር የፈለገው ትንሹን ይወስዳል፣ የለመደው ደግሞ ትልቁ እንደሚያዋጣው በራሱ ያሰላል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ለሚዜዎች ስጦታ የሚገዙ ሙሽሮች ትንሹን በብዛት ስለሚጠይቁ፣ ለእነሱ ስድስት ስድስቱን በአንድ ካርቶን አሽገው ያቅርቡ፤ ካርቶኑን ግን በስሌቱ ውስጥ ያስገቡት።