የዚፕ ፋይል ቁልፍ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት ሕንፃዎች ወር ሲያልቅ የደመወዝ ዝርዝር በኢሜይልና በፍላሽ ሲመላለስ ይውላል። ዝርዝሩን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ጠቅልለው የሚቆልፉ ባለሙያዎችን ደጋግመው የሚያጋጥሟቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ተቆለፈ የተባለው ፋይል ያለ የይለፍ ቃል ይከፈታል።
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምንም የስህተት መልእክት አይታይምና። ከፓይተን ጋር የሚመጣው «ዚፕፋይል» ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የትእዛዞች ስብስብ) «ሴትፓስዎርድ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ ግን የተቆለፈውን ለመክፈት እንጂ ለመቆለፍ አይደለም፤ ላይብረሪው የተመሰጠረ ፋይል መፍጠር ጨርሶ አይችልም። ስሙ ስንቱን አታሏል! መፍትሄው «ፓይዚፐር» የተባለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ጭኖ የይለፍ ቃሉንም የኤኢኤስ (ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ ነው) ምርጫንም መስጠት ነው። ከመላኩ በፊት ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ያለ ይለፍ ቃል ለመክፈት ይሞክሩ።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ተቀባዩ ጋ አልከፈት ይላል።
ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው የዚፕ መክፈቻ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የቀድሞውን የዚፕ ምስጠራ ብቻ ነው። «ዚፕፋይል»ም በኤኢኤስ የተቆለፈ ሲሰጠው «ይህን የማመቂያ (ፋይል ማሳነሻ) ዘዴ አላውቅም» ይላል፤ የዘዴው ቁጥር 99 ከሆነ ጉዳዩ የማመቅ ሳይሆን የምስጠራ ነው። ተቀባዩ ኤኢኤስን የሚያውቀውን «ሰቨን ዚፕ» የተባለ የዚፕ መክፈቻ ፕሮግራም ይጫን። ለእሱ ብሎ ወደ ቀድሞው ምስጠራ መመለስ ግን አይገባም፤ የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ቢሃምና ኮቸር የፋይሉን ጥቂት ክፍል የሚያውቅ ሰው ሊሰብረው እንደሚችል ካሳዩ ቆይቷል፤ ጊዜው 1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር።

በአማርኛ የተጻፈ የይለፍ ቃል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም።
«ፀሐይ» ብሎ የቆለፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ አይከፍተውም። ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሌላ ነው። በዚያ ላይ ምስጠራው የሚሠራው በባይት (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ቁጥር) ስለሆነ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮድ፣ ሌላው በሌላ ኮድ ከለወጠው ቁልፉ አይገጥምም። የላቲን ፊደልና ቁጥር ይጠቀሙ፤ በአማርኛ ካልሆነ ካሉ ፕሮግራሙ በዩቲኤፍ 8 እንዲለውጥ በግልጽ ይዘዙት።

የፋይሉ ስም ለሁሉም ይታያል።
ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዚፕ በተለመደው አሠራሩ ይዘቱን እንጂ ስሙን አይመሰጥርም። «የሚሰናበቱ ሠራተኞች» የሚል ፋይል ሳይከፈት ወሬው ፎቅ ለፎቅ ይዞራል። መጀመሪያ ሳይቆልፉ በዚፕ ይጠቅልሉት፣ ተራ ስም ይስጡት፣ ከዚያ ጥቅሉን በሌላ ዚፕ ውስጥ ይቆልፉት። የሰቨን ዚፕን የራሱን ዓይነት ፋይል ከመረጡ ደግሞ ስሞችን የሚመሰጥረውን ምርጫ ምልክት ማድረግ ይበቃል።