ሞተር ተቀይሮ ቱቦው ሲረሳ፦ በጣርማ በር ሽቅብ የተማርኳቸው ስህተቶች

ሞተር ለማስቀየር ስንነሳ ብሩ ሁሉ ሞተሩ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርደን ያገለገለ የጃፓን ሞተር እንከራከራለን። ማስጫኛ እንከፍላለን፣ ማውረጃና መግጠሚያ እንከፍላለን። መጨረሻ ላይ ሜካኒኩ ጥግ ላይ የተከመረ ጥቁር ጎማ ያሳየንና «ቱቦዎቹስ?» ይላል። «ደህና ናቸው፣ እነሱኑ ግጠማቸው» እንላለን። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የኔ አይሱዙ ደብረ ብርሃን ሞተሯ ተቀይሮ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ሽቅቡን ያዝኩ። ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በር ዋሻ ጋ ሳልደርስ ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ረዳቴ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወረደ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የደብረ ሲና ቆሎ ስቆረጥም አመሸሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቱቦ የማላውቀው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

አሮጌ ቱቦ ከውጭ አይቶ ማለፍ

ቱቦ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። በተለይ ጫፎቹ፣ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) የሚታሰርባቸው ቦታዎች፣ ቀድመው ይደክማሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቱቦውን መሃል በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት፤ ቀጥሎ ጫፉን። ጫፉ ከመሃሉ የለሰለሰ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ስንጥቅ ያለ ከመሰላችሁ ይጣል። የኔው ከውጭ ሲታይ የሚያበራ ነበር። ስናወጣው ውስጡ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ደግሞ የገባው ሞተር የውሃ መውጫ ከአሮጌው ጋር ልክ ላይሆን ይችላል። አሮጌውን ቱቦ ጎትቶና ጠምዝዞ ማድረስ ይቻላል፣ ግን ይታጠፋል። የታጠፈ ቱቦ ውሃ አያሳልፍም። ልኩን ለክታችሁ ቅርጹ የሚገጥም ፈልጉ። ካልተገኘ ሁለት ቁራጭ ቱቦ እንደ ክርን በታጠፈ ብረት ማያያዝ ይሻላል። ብረቱ ግን ጫፉ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፤ ያለዚያ ግፊት ሲመጣ ቱቦው ይሾልካል።

«ጠብታ ናት፣ ምን ታመጣለች?»

ይህ የኛ አገር ሰው ትልቁ ስህተት ነው። «የኛ አገር» ስል ሰሜን ሸዋን ማለቴ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። የሞተር ውሃ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ብዙ ክዳኖች 0.9 ባር አካባቢ ይይዛሉ፤ በዚያ ግፊት ውሃው ደብረ ብርሃን ላይም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም።

አሁን ከአንድ ፋሸታ ሥር ጠብታ ትውጣ። የሚጠፋው ውሃው ብቻ አይደለም፣ ግፊቱም ይሄዳል። ግፊቱ ሲሄድ ውሃው እንደ ድስቱ ውሃ ሆነ ማለት ነው። አዳማ ላይ ምንም የማታመጣ ጠብታ ጣርማ በር ላይ ሞተር ታፈላለች። ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር አካባቢ፣ ጭነት ይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሞተር መተንፈሻ ጊዜ የለውም። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ተጣመመ፣ ጓርኒሲዮን (በራሱና በሞተሩ መሃል ያለው መዝጊያ) ተቃጠለ ሲባል ስንቱ ከአንዲት ጠብታ እንደጀመረ እግዜር ይወቀው።

የውሃ ቱቦን ለናፍጣ

ጎማ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ አንድ ግን አይደለም። ለራዲያተር የተሠራ ጎማ ናፍጣና ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በኋላም ይፈራርሳል። ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኤስኤኢ ጄ20 የሚለው የውሃ ነው፤ ጄ30 የሚለው የነዳጅ ነው። ያ ሰማያዊ የሚያምረው ሲልከን ቱቦም ለውሃና ለነፋስ እንጂ ለናፍጣ አይደለም። ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ቱቦ እኔ አልገዛም።

ናፍጣ ላይ ሌላ ተንኮል አለ። ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከር) እስከ መጋቢ ፖምፓ ያለው መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ ሳይንጠባጠብ አየር ያስገባል። ጠዋት በውርጭ ተነስታችሁ መኪናዋ እየነሳች ስትጠፋ ባትሪውን ከመሳደባችሁ በፊት ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ መሃል ላይ አስገቡ። አረፋ ካያችሁ ሌባው ተያዘ።

ጥርሱ ስለያዘ ገጠመ ማለት

ግማሽ ኢንች የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስና ግማሽ ኢንች የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ሁለቱም በኢንች 14 ናቸው። ይነክሳሉ፣ ሁለት ዙር ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ግን የአንዱ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሌላው 60 ነው። «ጠበቀ!» ብሎ ደስ ያለው ሰው በማግስቱ ዘይት ይጠርጋል። ጫፋቸው ሾጣጣ የሆኑትም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ 30 ዲግሪ፣ ሌላው 37። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ። በእጅ እስከ መጨረሻው የማይዞር ዳዶ በቁልፍ አይገደድ።

እዚህ ላይ የሚመጣው መድኃኒት ቴፍሎን ነው። ቴፍሎን ለሾጣጣ ጥርስ ብቻ ነው። ጫፍ ለጫፍ በሚገጥም ወይም በጎማ ቀለበት በሚዘጋ መገጣጠሚያ ላይ ምንም አይሠራም፤ ቁራጩ ተበጥሶ የቱርቦን ቀጭን የዘይት መስመር ሊዘጋ ይችላል። በመሃሉ ቀዳዳ ያለው የናፍጣ ቡሎን ሲፈታ ደግሞ የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀይሩ። ዋጋቸው ከማኪያቶ አይበልጥም።

የተቃጠለውን ሞተር ቆሻሻ ለአዲሱ ማውረስ

አሮጌው ሞተር ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን መቀመጫ) በልቶ ከሞተ ብናኙ በዘይት ማቀዝቀዣውና በዘይት ቱቦዎች ውስጥ ተኝቷል። እነዚያኑ ስትገጥሙ ብናኙ ለአዲሱ ሞተር ቁርስ ይሆናል። ቱቦዎቹን ቀይሩ፣ ማቀዝቀዣውን አሳጥቡ፤ ሙሉ በሙሉ ካልጠራ እሱም ይቀየር። አዲስ ቱቦ ስትቆርጡም ፍርፋሪውን በኮምፕሬሰር ንፉት።

ሽቅቡን አስበን ቁልቁለቱን መርሳት

በብዙዎቹ አይሱዙዎች ለፍሬን የሚያግዘውን አየር የሚስበው ፖምፓ አልተርኔተሩ ጀርባ ላይ ነው። ዘይት በቀጭን ቱቦ ይገባለታል፣ በወፍራሙ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተር ሲቀየር እነዚህን ሁለቱን ማንም አያስታውስም። ተመላሹ ከታጠፈ ዘይቱ ፖምፓው ውስጥ ይጠራቀማል፣ መሳቡም ይዳከማል። ከፖምፓው ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ቱቦ ደግሞ ግድግዳው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ከሆነ ሲሳብ ይጣበቃል። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ውስጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሲሆንባችሁ አስቡት። እዚህ ላይ «ለጊዜው ይሁን» የሚል ሜካኒክ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ሞተር በተቀመጠበት የጎማ ትራስ ላይ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ቱቦ ተወጥሮ አይታሰር፤ ትንሽ ላላ ይበል። በቱቦው ርዝመት የተጻፈው ጽሑፍ ከተጠማዘዘ ቱቦው ተጠምዝዟል ማለት ነው፣ ፍቱና አስተካክሉ። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ የሚያልፍ ካለ አርቁት ወይም ሙቀት መከላከያ አልብሱት። ፋሸታ ቱቦውን እስኪቆርጥ ድረስ አይጥበቅ። ቱቦ አልገባ ሲል ቅባት ሳይሆን የሳሙና ውሃ ቀቡት። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መቀየሩንም አትርሱ፤ ይህ የቱቦ ጉዳይ ባይሆንም ኬላ ላይ ከቱቦ በላይ ያስቆማል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ፋሸታዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ጠበቅ አድርጉ። አዲስ ጎማ ሲሞቅ ይረግጋል፣ መጀመሪያ የጠበቀው ይላላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ባዶ መኪና ይዤ ደብረ ሲና ወርጄ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ነው ጭነት የምፈልገው።

ከወንበሬ ጀርባ አንድ የላይኛ ቱቦና ሁለት ፋሸታ አለ። ረዳቴ ግን ጀሪካኑን እስከ ዛሬ አልጣለውም። «ጋሼ፣ አንተን አምኜህ ነው፣ መኪናዋን ግን አላምናትም» ይለኛል።