የበርች ፕላይውድ በሌዘር አልቆረጥ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሌንሱ ጸድቷል፣ ውሃው ይዘዋወራል፣ ጭስ መሳቢያው ይሠራል፣ ፎከሱም በመለኪያው ተስተካክሏል ብለን እንነሳ። ከታች ያሉት ቁጥሮች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቱቦና ባለ 2 ኢንች ሌንስ ላለው ማሽን ናቸው፤ ዳዮድ ሌዘር ሌላ ሂሳብ ነው።

መነሻ ቁጥሮች

ለ60 ዋት ቱቦና ለ3 ሚ.ሜ ፕላይውድ ኃይሉን ከ60 እስከ 65 በመቶ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ15 እስከ 18 ሚ.ሜ አድርጉ። ለ6 ሚ.ሜ 70 በመቶና በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ፎከሱንም ከላይኛው ገጽ 2 ሚ.ሜ ያህል ወደ ውስጥ አውርዱት። ቱቦው 40 ዋት ከሆነ 3 ሚ.ሜውን በ15 ሚሊአምፔር (በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን)፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ ሞክሩት። ከዚህ ተነስታችሁ የራሳችሁን ታገኛላችሁ። የሌላ ሰው 65 በመቶ የእናንተ 65 በመቶ አይደለም፤ መቶኛው ለቱቦው የተላከውን ትእዛዝ ይናገራል እንጂ በሌንሱ የሚወጣውን ኃይል አይናገርም። ያረጀ ቱቦ በዚያው መቶኛ ደካማ ጨረር ይሰጣል። ስለዚህ ማሽኑ የሚሊአምፔር መለኪያ ከሌለው ማስገጠም ያዋጣል። 700 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው ቱቦ «50 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ከመጣ ወረቀቱን አትመኑ። 50 አወጣለሁ ብሎ ሚሊአምፔሩን የሚገፋ ሰው ቱቦውን ያለ ዕድሜው ይገድለዋል።

አንዱ ቦታ ተቆርጦ ሌላው ሲቀር

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ችግር ነው፤ በተሳሳተ መንገድ የሚታከመውም እሱ ነው። ከአንድ ሉህ 40 ቁራጭ ይቆረጣል እንበል። 37ቱ በራሳቸው ይወድቃሉ፤ 3ቱ አንድ ጎናቸው ተጣብቆ ይቀራል። ባለቤቱ ኃይሉን ከ60 ወደ 85 ያወጣዋል። በሚቀጥለው ሉህ አሁንም 3 ወይም 4 ቁራጭ ይቀራል፣ ደህና ይወጡ የነበሩት ደግሞ ይጠቁራሉ፣ ቱቦውም ይደክማል። ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት ሉሁን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ያልተቆረጠው የት የት እንደሆነ መንስኤውን ይነግራችኋል።

እዚህም እዚያም በዘፈቀደ የተበተነ፣ ከ5 እስከ 20 ሚ.ሜ የሚረዝም ያልተቆረጠ ቦታ ካያችሁ ጥፋቱ የፕላይውዱ ነው። ያንን ቦታ በቢላ ክፈቱና ጠርዙን መብራት ስር ተመልከቱት። የላይኛው ንብርብር ቡናማ ሆኖ በንጹህ ተቆርጧል። መካከለኛው ላይ ግን እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ከእሱ በታች ያለው እንጨት ምንም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ያ ነጥብ ኮላ ነው። በውስጠኛው ንብርብር ክፍተት ሲኖር ኮላው እዚያ ይጠራቀማል፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ጠንካራ ጉጥም እዚያው ሊቀበር ይችላል፤ አንዳንዴም ፋብሪካው ቀዳዳውን በስቱኮ ይሞላዋል። ኮላ እንደ እንጨት ቶሎ አይተንም፤ ይከስልና ጨረሩን ያግደዋል።

የፕላይውዱ ደረጃ ከዚህ አያድናችሁም። «ቢቢ» የሚሉት ፊደላት ስለ ውጪው ገጽ ነው የሚናገሩት። ፊቱ እንደ ወተት የጠራ ሉህ ሆዱ በልጥፍ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ጠርዙን እዩ፦ በንብርብሮቹ መካከል ያለው መስመር ጥቁር ቡናማ ከሆነ ውሃ የሚቋቋመው የፌኖል ኮላ ነው፤ ለሌዘር አትውሰዱት። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ኮላ መስመሩ ፈዛዛ ነው። 3 ሚ.ሜውን ከኋላው ጠንካራ መብራት ይዛችሁ ብታዩት ልጥፍና ጉጥ ብዙ ጊዜ በጥላ ይታያሉ፤ እዚያ ላይ ትልልቁን እንጂ ስሱን ቅርጽ አታስቀምጡ።

ሥራ ላይ እያለ መፍትሄው ፍጥነቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ መቀነስ ነው፤ ኃይሉን አትንኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሉሁን ከማንሳታችሁ በፊት ፈትሹ። ቁራጩ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከተነሳ አልቋል። ካልተነሳ ሉሁ ሳይንቀሳቀስ ያንን ቅርጽ ብቻ መርጣችሁ በዚያው ሴቲንግ ድገሙት። አንድ ጊዜ ካንቀሳቀሳችሁት ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ላይ አይገጥምም። ሁሉንም ቅርጽ ሁለት ጊዜ ማስቆረጥን ደግሞ ልማድ አታድርጉት፤ የከሰለ እንጨት ላይ እንደገና ጨረር ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካጠራጠራችሁ ሉሁን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ያንኑ ሥራ ቀሪው ቦታ ላይ ድገሙት። ችግሩ ከሉሁ ጋር ከዞረ የሉሁ ነው፤ አልጋው ላይ በነበረበት ከቀረ የማሽኑ ነው። ለቱቦው የሚቀርበው ጥግ በደንብ እየቆረጠ ሩቁ ጥግ የሚደክም ከሆነ መስታወቶቹ ተዛብተዋል። የሌንሱ መግቢያ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ በአራቱም ጥግ አንዳንድ አጭር ጨረር ልቀቁ፤ አራቱ ነጥቦች አንድ ላይ ካላረፉ ማስተካከያው ከቱቦው አጠገብ ካለው መስታወት ይጀምራል። ይህን ስታደርጉ መነጽር ይደረግ፤ እጅ በጨረሩ መንገድ አይግባ።

ያልተቆረጠው የሉሁ መሃል ብቻ ከሆነ ወይም ጠርዞቹ ብቻ ከሆኑ ሉሁ ጎብጧል። 2 ሚ.ሜ መጉበጥ ለ2 ኢንች ሌንስ ብዙ ነው። በማግኔት ወይም በመቆንጠጫ አስይዙት፤ የመቁረጫው ጭንቅላት እንዳይገጨው ግን ቁመታቸውን አስቀድማችሁ ለኩ። ፕላይውድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አይቀመጥም። በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ፣ ክብደት ተጭኖበት፣ ከእርጥበት ርቆ ነው የሚቀመጠው።

ማዕዘኖቹ ብቻ ካልተቆረጡ ዝቅተኛው ኃይል አንሷል። ማሽኑ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ኃይሉንም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ያወርዳል። ዝቅተኛውን ቁጥር ከፍ አድርጉት፣ ከከፍተኛው ቁጥር ከ10 እስከ 15 ነጥብ ብቻ ይነስ፤ ማዕዘኑ ከጠቆረ ደግሞ ትንሽ ቀንሱት።

ጠዋት ሲቆርጥ የነበረው ከሰዓት ሲደክም ውሃውን ለኩ። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ 30 ሲደርስ ሥራ አቁሙ። በባልዲ ውሃ ቀኑን ሙሉ መቁረጥ አይቻልም። ማራገቢያ ብቻ ያለው ማቀዝቀዣም ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች አያወርደውም፤ መጭመቂያ ያለው ቺለር ያስፈልጋል።

ጠርዙ ጥቁር ሆኖ እጅ ሲያቆሽሽ

ሁለት መንስኤ ነው፦ ፍጥነቱ ቀርፋፋ ነው ወይም አየሩ ደካማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ ፓምፕ ለዓሣ ገንዳ እንጂ እንጨት ለመቁረጥ አይበቃም። ከ1 እስከ 2 ባር በሚሰጥ ኮምፕሬሰር ለውጡት፤ የዘይትና የውሃ ማጣሪያም ይኑረው። ማጣሪያ የሌለው ኮምፕሬሰር ሌንሱ ላይ ዘይት ይረጫል፣ ሌንሱም ይሰነጠቃል። የሌንሱ ማዕድን ዚንክ ሴሌናይድ ነው፣ መርዛማ ነው፤ ቢሰበር ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ አቧራውንም አታስነሱ።

ትንሽ ነበልባል ከጨረሩ ጋር እየተጓዘ ከታየ አቁሙ። ጨረሩ ካለፈ በኋላ ለ1 ሰከንድ እንኳ የሚቆይ እሳት የተለመደ አይደለም። ማሽኑ እየቆረጠ ከአጠገቡ አይጠፋም፤ እሳት ማጥፊያ በእጅ የሚደርስ ቦታ ይኑር።

ጀርባው ላይ የተደረደሩ የቃጠሎ ነጥቦች

ጨረሩ የማር እንጀራ የሚመስለውን አልጋ መትቶ ሲመለስ ነው። ሉሁን በሾሉ መደገፊያዎች ከአልጋው 10 ሚ.ሜ ከፍ አድርጉት። ገጹን ከጭስ ለመጠበቅ ማስኪንግ ቴፕ ስትለጥፉ ፍጥነቱን 5 በመቶ ቀንሱ። የፕላስቲክ ቴፕ አይሆንም፤ የፒቪሲ ጭስ ክሎሪን አለው፣ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።

ጠርዙ ያዘነበለ

ጨረሩ በሌንሱ መሃል አያልፍም። የመጨረሻውን መስታወት አስተካክሉ።

የመጨረሻውን ቁጥር ማግኘት

15 ሚ.ሜ ስፋት ያላቸው ካሬዎች በረድፍ አዘጋጁ፤ ኃይሉን አጽኑና ፍጥነቱን በየካሬው በሰከንድ በ2 ሚ.ሜ ቀይሩ። ይህንኑ ረድፍ በሉሁ ላይ ሦስት ቦታ ቁረጡ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ጥሩውን እንጨት ብቻ ልትፈትሹ ትችላላችሁ። በሦስቱም ቦታ ሳይነካ የወደቀውን ፈጣኑን ካሬ ያዙና ከእሱ 10 በመቶ ቀንሳችሁ ሥሩ። አዲስ ጥቅል በተገዛ ቁጥር ሙከራው ይደገማል።

መጋጠሚያ የምትሠሩ ከሆነ ከካሬዎቹ አንዱን በካሊፐር ለኩ። 15 የነበረው 14.8 ከሆነ ጨረሩ 0.2 ሚ.ሜ በልቷል፤ ሶፍትዌሩ ላይ መስመሩን በ0.1 ወደ ውጪ አውጡት። የፕላይውዱንም ውፍረት በየሉሁ ለኩ፤ «3 ሚ.ሜ» ተብሎ የተሸጠው 2.8ም 3.2ም ይሆናል፣ የጥርሱ ማስገቢያ የሚሣለው በተለካው ቁጥር ነው።