ኪሮሽ ይዛችሁ ሐሳብ ሲጠፋባችሁ

ያለ ዲዛይን፣ እንደመጣላችሁ ኪሮሽ መሥራት የምትወዱ፣ ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ስልክ ላይ የሰው ሥራ ስታገላብጡ አትዋሉ። ጣና ዳር ውረዱ።

እኔ ሰሞኑን አንድ የደንገል ታንኳ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ከሩቅ ቡናማ ነገር ነው። ጠጋ ሲሉት ግን ሌላ! አዲሱ ደንገል አረንጓዴ ነው፣ የሰነበተው ገለባ ይመስላል፣ ውሃ የጠገበው ጫፍ ደግሞ ጠቁሯል። ማሰሪያው የጠበቀበት ቦታ ወገቡ ሰርጎድ ብሏል። ፎቶ አነሳሁና ከፎቶው አራት ቀለም ብቻ መረጥኩ። ቀለም ሲበዛ ሥራው ጉሊት ይመስላል (የመጀመሪያዬ እንደዛ ነበር፣ ፈታሁት)።

የደንገሉን መስመር ለማውጣት፣ ከእያንዳንዱ ዓይን ላይ ከሚታዩት ሁለት ክሮች የኋላኛውን ብቻ በኪሮሹ እየያዛችሁ ተመላለሱ። ሸንተረር ሸንተረር ይላል።

መዳፍ የሚያክሉ ቁርጥራጮች ሥሩ። ቢጣመሙም ግድ የለም። አሮጌ ጨርቅ በምትፈልጉት ቅርጽ ቆርጣችሁ ላዩ ላይ ደርድሯቸው፣ በስፒል ያዙ። ከመስፋታችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ፣ ፈዘዝ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ክር ይጎድለዋል። ክፍተቱን መጨረሻ ላይ በኪሮሽ ትሞሉታላችሁ።

ታንኳው ካልሳባችሁ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕሎች ለቀለም ምርጫ ብቻቸውን ይበቃሉ። እዚያ ግን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።