መድኃኒትን ከውሃ በአልትራቫዮሌት ስናጠፋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የዋጥነው መድኃኒት በሙሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ በሽንት ወጥቶ ፍሳሽ ውስጥ ይገባል፤ የተለመደው ማጣሪያም ሁሉንም አይዝም። አልትራቫዮሌት ወይም ዩቪ ጨረር ብዙውን ሊሰባብር ይችላል። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት «ጀርም የገደለ መብራት መድኃኒቱንም ይጨርሰዋል» ብሎ ማሰብ ነው። ለመጠጥ ውሃ ጀርም ማጥፊያ በብዛት የሚሠራበት መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ሚሊጁል (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ነው። ባክቴሪያው ዲኤንኤው ከተጎዳ መራባት ያቆማል፤ ይኼ ይበቃል። የመድኃኒት ቅሪት ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ተመትቶ መፍረስ አለበት። ብዙዎቹ መቶዎች፣ አንዳንዶቹም ሺዎች ሚሊጁል ይጠይቃሉ። ማስታወቂያ ላይ ይኼ ብዙም አይነሳም።

ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ዓይን ማየትም አያዋጣም። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ለብርሃን ደካማ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ በፀሐይ እንኳ ይፈርሳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ግን ግትር ነው። የመብራቱን 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ይውጣል፤ ግን ያገኘውን ጉልበት ከሞላ ጎደል በሙቀት መልክ ይለቅና እንደነበረ ይቀመጣል። ጨረሩ አልደረሰውም ማለት አይደለም፤ ደርሶት አልፈረሰም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ግትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። ዩቪው ፐርኦክሳይዱን ለሁለት ሲሰነጥቀው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር እጅግ ፈጥኖ የሚጋጭ ቅንጣት ይፈጠራል። ይኼ ራዲካል መራጭ አይደለም፤ ያገኘውን ይመታል። እዚህ ጋ ሌላ ስህተት ይመጣል፦ ፐርኦክሳይዱን ማብዛት። ሲበዛ ራዲካሎቹን ራሱ ይበላቸዋል። ደግሞ አብዛኛው ሳይሰነጠቅ ስለሚቀር ከውሃው መወገድ አለበት።

በተጣራ ንጹሕ ውሃ የተገኘን ውጤት ይዞ ወደ ፍሳሽ መሄድም ያስተዛዝባል። እውነተኛው ውሃ ቀለም ያለው የበሰበሰ ነገር፣ ደለል፣ ባይካርቦኔት ይዟል። ቀለሙና ደለሉ ጨረሩን ይጋርዱታል፤ ባይካርቦኔቱ ራዲካሎቹን ይሻማል። ስለዚህ ሙከራው ሊታከም በታሰበው ውሃ ላይ ይሁን፤ መብራት ሳይበራ የተቀመጠ መነጻጸሪያ ናሙናም አይቅር።

መብራቱን በተራ መስታወት መሸፈን? አይሆንም፤ 254 ናኖሜትሩ አያልፍም፣ ጨረሩን የሚያሳልፍ ኳርትዝ የሚባል የመስታወት ዓይነት ያስፈልጋል። ኳርትዙም ብረትና ካልሲየም እየተጋገረበት ስለሚደበዝዝ መጽዳት አለበት።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «መድኃኒቱ ጠፋ» የሚለው ሪፖርት ነው። መለኪያው ዋናውን ሞለኪውል ስላላገኘ ብቻ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ካርባማዜፒን በብርሃን ሲፈርስ ከሚወጡት አንዱ አክሪዲን ነው፤ እሱም መርዛማ ነው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እስኪሆን ረጅም መንገድ አለ። ለዚህ ነው ከዋናው ሞለኪውል ጋር ጠቅላላውን ኦርጋኒክ ካርቦን መለካትና የመርዛማነት ምርመራ ማድረግ የሚያስፈልገው። ካርቦኑ ብዙም ካልቀነሰ ስብርባሪው እዚያው ውሃው ውስጥ አለ። ያኔ ውሃውን ከመብራቱ በኋላ በአክቲቭ ካርቦን (ቆሻሻን በላዩ በሚይዝ ከሰል) ወይም ረቂቅ ተሕዋስያን ባሉበት የአሸዋ ማጣሪያ ማሳለፍ ይረዳል።