አደዩ ከመስኩ የት ገባ?

አጎቴ ሱሉልታ ውስጥ መስክ አላቸው። ልጆች ሆነን መስከረም ላይ ስናቋርጠው ሱሪያችን እስከ ጉልበቱ በአደይ ብናኝ ቢጫ ይሆን ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ አቁማ ሳታራግፈን አታስገባንም። ካቻምና በዚያው ወር ስሄድ ሣሩ ደረቴ ጋ ደርሷል። አደይ ግን አጥሩ ሥር ከተጠጉ ጥቂቶች በቀር የለም።

«ጋሼ፣ አደዩ የት ገባ?» አልኳቸው።

«መሬቱ ደክሟል መሰለኝ። ዘንድሮ አንድ ሁለት ከረጢት ዩሪያ እጨምርለታለሁ» አሉኝ።

ያሰቡት መድኃኒት ራሱ በሽታው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ በኩል ባለፍኩ ቁጥር መስክ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አበባ የሚጠፋው በአንድ ምክንያት አይደለም። ምልክቱ ተመሳሳይ ይመስልና ምክንያቱ ተቃራኒ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መስኩን እዩ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሱ።

ሣሩ ደረት ይደርሳል፣ አበባ የለም

ይሄ የአጎቴ ችግር ነው። ረዘም አድርጌ አወራዋለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መስኩ መሀል ገብታችሁ ተንበርከኩ። ሣሩን በሁለት እጃችሁ ከፈል አድርጉና ሥሩን ተመልከቱ። አፈሩ ጨለማ ውስጥ ነው? ትናንሾቹ ቡቃያዎች ገርጥተው፣ እንደ ክር ቀጥነው ሽቅብ ተስበዋል? እንግዲያው የጎደላቸው ብርሃን ነው። ቦታውን የያዘው በብዛት ሙጃ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሙጃ የሰባ አፈር ወዳጅ ነው።

መሬቱ አልደከመም፣ ጠግቧል። ሣርም እንደ ሰው ነው፣ ሲጠግብ ጎረቤቱን አያይም። አደይ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በዝናብ ከዘር ይበቅላል፣ መስከረም ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ብዙው ሣር ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሚከርም ዝናብ ሲነካው ቀድሞ ይነሳል። አፈሩ ስስ ከሆነ ሣሩም ቀስ ይላል፣ መሀሉ ክፍተት ይተርፋል፣ አደይ በክፍተቱ ይወጣል። ከዩሪያው ናይትሮጅን ሲያገኝ ግን ሣሩ ይመነደግና ክፍተቱን ይደፍነዋል።

እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አንድ የድርቆሽ መስክ አለ። በፈረንጆች ከ1856 ጀምሮ ከፋፍለው ለየክፋዩ የተለያየ ማዳበሪያ ይሰጡታል። ምንም ያልተሰጠው ክፋይ 40 ገደማ የዕፅዋት ዓይነት ይዞ ኖሯል። ናይትሮጅን ከበዛባቸው ክፋዮች አንዳንዶቹ ላይ የቀረው ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። እርግጥ እዚያ የአፈሩ መኮምጠጥም ጉዳቱን አባብሶታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ማዳበሪያ ከበዛበት ሣር ሥር መብራት ተከሉ። ብርሃኑ ከታች ሲደርሳቸው ትናንሾቹ ተክሎች ሳይጠፉ ቀሩ። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው። ማዳበሪያው አበባውን አይመርዘውም፣ ጥላ ይጥልበታል እንጂ።

መፍትሄው ዩሪያውን ማቆም ነው። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የገባው መውጣት አለበት። ሣሩን አጭዳችሁ ከመስኩ አውጡ። አጭዶ እዚያው መተው ከንቱ ድካም ነው፣ ይበሰብስና ወደ አፈሩ ይመለሳል።

ሒሳቡን እንየው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ከተፈጥሮ መስክ የሚታጨድ ድርቆሽ በአንድ ቶን ወደ 10 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። እንግዲህ የአንዱን ከረጢት ያህል ለማውጣት ከ20 ኩንታል በላይ ድርቆሽ መጫን ሊኖርባችሁ ነው። መቼም ሁሉም ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ከፊሉ በዝናብ ይታጠባል፣ ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል። ፎስፎረስ ነው የማይነቃነቀው። ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባሉትን ፎስፎረስ ያለባቸው ማዳበሪያዎች ስትበትኑ የኖራችሁ ከሆነ ትዕግሥታችሁን አርዝሙት። ሮትሃምስቴድ ላይ በፈረንጆች 1989 በአንዳንዶቹ ክፋዮች ግማሽ ላይ ናይትሮጅኑን አቁመው ነበር። ጠፍተው የነበሩ ዓይነቶች ተመልሰው መጡ። ግን ዓመታት ወስዷል።

እግረ መንገዴን፣ ኩበት የሚለቅሙ ሴቶችን ከመስካችሁ አታባርሩ። ለእህል ማሳ የእበቱ መለቀም ኪሳራ ነው። ለአበባ መስክ ግን እንደ ድርቆሹ ሁሉ ትርፉን ንጥረ ነገር ተሸክሞ መውጫ ነው።

እንግሊዞች አንድ ሌላ ዘዴ አላቸው። የሣሩን ሥር እየመጠጠ የሚያደክም ጥገኛ የአበባ ተክል ይዘራሉ። የኛው አቀንጭራ የሥጋ ዘመድ ነው። እዚህ እንዳታስቡት! ለማሽላ ገበሬ ስሙን ማንሳትም ነውር ነው።

አበባው የጠፋው በረቱ ዙሪያና ከበረቱ በታች ብቻ ነው

ሳማና አስተናግር ከበቀሉ ምርመራው አልቋል። ከብት ከምትግጠው ናይትሮጅን ከሦስት አራተኛው በላይ በእበትና በሽንት ይመለሳል። ቀን መስኩ ላይ በልታ ማታ በረት ውስጥ ስትጥለው፣ የሰፊው መስክ ሀብት አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። የወተት ላሞች ጋጥ አጥቦ ውኃውን ቁልቁል ወደ መስክ የሚለቅም አለ፣ ያው ነው።

ከበረቱ በታች ቦይ ቆፍራችሁ ፍሳሹን ወደ ጎመንና ድንች ጓሮ ምሩት። የሚገባው እዚያ ነው። የተከመረውን ፍግም እንደዚሁ። ሳማውን ማጨድ ለጊዜው ነው፣ ፍሳሹ እስካለ ይመለሳል።

ሣሩ አጭር ነው፣ ብርሃንም ሞልቷል፣ አበባ ግን የለም

እዚህ ላይ ማዳበሪያን መውቀስ አይቻልም። ጥፋቱ የአፍ ነው፣ ይበልጡን ደግሞ የወሩ።

በጎች ከሰኔ እስከ መስከረም ሳያቋርጡ የሚግጡበት መስክ ላይ አደይ ቢበቅልም አናቱ ሲቆረጥ ይከርማል። አንድ ዓመት ዘር ካልጣለ ለቀጣዩ ክረምት የሚተማመነው አፈር ውስጥ ባለው ጥሪት ብቻ ነው። ጥቂት ዓመት ከተደጋገመ ጥሪቱ ያልቃል። ማጌት፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ የመስክ ተክል፣ ግን ይተርፋል። ከማጌት ዓይነቶች መሬት ለመሬት የሚሄዱ አሉ፣ ከበግ አፍ በታች ተኝተው ያብባሉ። ስለዚህ ሣሩ አጭር ሆኖ፣ ማጌት ኖሮ አደይ ከሌለ፣ ግጦሹ ያለ ወቅቱ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሄው አባቶቻችን የሚያውቁት ክልክል ነው። ሐምሌ ሲገባ ከብቱን አውጡ፣ ጥቅምት እስኪያልቅ አታስገቡ። መረሬ አፈር ላይ ይሄ ሁለት ጥቅም አለው። ጥቁሩ አፈር ረጥቦ ሲረገጥ ጭቃ ሆኖ ይደፈናል፣ ሥርም አየር ያጣል።

ከብቱ የት ይሂድ? እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁሉም የክረምት ግጦሽ የሚያገኝበት ሁለተኛ መስክ የለውም፣ በተለይ ከተማው እየተጠጋ መሬቱ በተቆራረጠበት ሰፈር። ጠቅላላውን መከለል ካልቻላችሁ አንድ ሦስተኛውን ክለሉ። በየዓመቱ ደግሞ ቦታውን ቀይሩ። ገመድና ችካል ይበቃል፣ የሽቦ አጥር አያስፈልግም።

አጥረን ከብት ከለከልን፣ መጀመሪያ አማረ፣ ከዚያ ባሰበት

ይሄን የማየው ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ሰዎች ጋ ነው። ከብት ጠላት ነው ብለው ያጥራሉ። የመጀመሪያው መስከረም ቢጫ በቢጫ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሡበታል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሣር ብቻ ይቀራል።

አጥሩ ሥር ገብታችሁ እጃችሁን አፈሩ ላይ አሳርፉ። እጃችሁ አፈር ሳይነካ ደረቅ የአምና ሣር ላይ እንደ ፍራሽ ከሰመጠ፣ ያ ነው ምክንያቱ። የሞተው ሣር ብርሃኑን ሸፍኗል፣ ዘሩም አፈር አይነካም። በስድስት አህጉራት በ40 የሣር መሬቶች ተካሂዶ በፈረንጆች 2014 የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ማዳበሪያ የዕፅዋትን ዓይነት ይቀንሳል። የሚግጡ እንስሳት ወደ መሬቱ የሚደርሰውን ብርሃን በጨመሩበት ቦታ ሁሉ ግን ብዙ ዓይነት ተረፈ። ከብቷ ጠላት አይደለችም ማለት ነው። የመግቢያዋ ጊዜ ነው የተሳሳተው።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ከብት አስገቡ፣ ወይም የጎረቤት በግ ለምኑ። እምቢ የሚል ጎረቤት አላየሁም። ኮቴያቸው ፍራሹን ይሰባብራል፣ አፈሩን ጫር ያደርጋል፣ ዘሩንም ረግጦ ያስገባል። ከብት ከሌለ አጭዶ፣ በመንሽ ጠራርጎ ማውጣት ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ርጥብ ማጌት የበዛበት ቦታ ላይ የራባት ላም በአንዴ አትልቀቁ፣ ሆዷ ይነፋል። መጀመሪያ ድርቆሽ ቀመስ ታድርግ።

አደይ አለ፣ ማጌት ጠፋ

ማጌት፣ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ሲዲሳ የሚሉት፣ ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ይሠራል። ሥሩን ነቅላችሁ እዩት። ትናንሽ ጉብታዎች አሉበት፣ ስትቆርጧቸው ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዩሪያ ለማጌት ጥቅም የለውም፣ ጥቅሙ ለተፎካካሪው ሣር ነው። ማጌት የሚቸገረው በፎስፎረስ ነው። የደጋው አፈራችን ደግሞ ብዙ ቦታ ፎስፎረስ ያንሰዋል፣ ቀዩ አፈር ያለውንም አጥብቆ ይይዘዋል። በአገራችን ማጌቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ፎስፎረስ ሲያገኙ በደንብ እንደሚያድጉ አሳይተዋል።

እኔ የምመክረው የምድጃ አመድ ነው። የእንጨት አመድ ጥቂት ፎስፎረስና ደህና ፖታሲየም አለው፣ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ያለዝባል። ግን በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ በትኑና አንድ ክረምት ጠብቁ። ሙሉ መስክ ላይ ማፍሰስ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳችኋል።

የቀረው እሾህና መራራ ብቻ ነው

ኮሸሽላ፣ አሜኬላ፣ እምቧይ፣ ቱልት። ከብቱ ጣፋጩን ጨርሶ የማይበላውን ትቷል፣ የተተወውም ተዋልዷል። ዘር ሳያፈራ በዶማ ከነሥሩ አውጡ፣ ከብቱንም ቀንሱ። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ሁሉም ልክ ነው፣ አበባው ግን አልመለስ አለ

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መቼ ነው የምታጭዱት? ድርቆሽ በጊዜ ሲታጨድ ለከብቱ ይጣፍጣል፣ ዋጋም ያወጣል። አደይ ዘሩን የሚያበስለው ግን አበባው ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ሁለቱ አይታረቁም። የማውቀው ብቸኛ ሽምግልና አንድ ጥግ ሳያጭዱ መተው፣ በየዓመቱም ጥጉን መለዋወጥ ነው። ለደመራ የሚለቀመውንም እዚያው ላይ አስቡት። ልጆቹ ይልቀሙ፣ ግን ከአንድ ቦታ አይጨርሱት።

ሁለተኛ፣ ዘር አለ? ብዙ ዓመት በሙጃ የታፈነ መስክ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ኅዳር ላይ ከቅርብ ቦታ የደረቀውን ራስ ሰብስቡ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አፈሩን በዶማ ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑ። አትቅበሩት፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ይበቃዋል። ባህር ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነ ግን ዘራችሁን አታባክኑ።

በመጨረሻ ከአጎቴ ጋር መስኩን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ እንደ ድሮው ዩሪያ ይግባለት፣ ግማሹ የኔ ሙከራ ይሁን ተባባልን። ባለፈው መስከረም የኔው ግማሽ ሣሩ ወገብ ጋ ነበር፣ ከሥሩ ማጌት ብቅ ብሏል። አደይ ገና ነው። እሳቸውም የድርቆሹን ልዩነት በዓይናቸው እየለኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ ምንም አላሉም። ኅዳር ላይ ግን አጥሩ ሥር የቀሩትን አደዮች አብረን ለቀምን። ዘሩን ያስቀመጥነው ባዶ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ለጤፍ እንዳይወስዱት ጋሼ በማርከር «አደይ፣ ለሰኔ» ብለው ጻፉበትና ጎተራው ላይ ሰቀሉት።